ጀበና የማያውቅ ማሽን፦ ፎከስን ከመንፈቅ በላይ ስጠቀምበት ያየሁት

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኤአይ ፎቶ መስሪያ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የመጀመሪያ ሳምንት ግርምት ነው፣ "ጻፍኩለት ሰራልኝ፣ ጉድ እኮ ነው" ምናምን፣ ከዛ ሰውየው ይጠፋል። እኔ ፎከስ የሚባለውን ከመንፈቅ በላይ ስራ ላይ ሳውለው ቆይቼ ነው የምጽፈው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከወንድሜ ጋር ትንሽ የህትመትና ማስታወቂያ ቤት አለችን፣ ባነር፣ ስቲከር፣ የሰርግ ካርድ፣ ቲሸርት፣ ማግ፣ ታፔላ፣ የመጣውን ሁሉ እንሰራለን፣ ዲዛይኑ የኔ ነው የህትመት ማሽኑ የሱ። ለቸኮለ ሰው መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ከባዶ ተነስቶ ስዕል ይፈጥርልኛል ብላችሁ ከያዛችሁት ይሄ ነገር ያናድዳችኋል፣ ያላችሁን ፎቶ ማስዋቢያና ማረሚያ ካደረጋችሁት ግን እንጀራ ነው። ለምን እንደዛ እንዳልኩ ነው እስከ ታች የምዘበዝበው።

ፎከስ በጽሁፍ ስታዙት ፎቶ የሚሰራ ፕሮግራም ነው (በእንግሊዝኛ ስትፈልጉት ኦዋ ሦስት ናት፣ በአንድ ኦ ከጻፋችሁ የማይገናኝ ነገር ነው የሚመጣላችሁ)። ኮንትሮልኔት የሚባለውን፣ ማሽኑ የሰጡትን ቅርጽ እንዲከተል የሚያደርገውን ዘዴ፣ የሰራው ልቭሚን ዣንግ ነው በነሐሴ 2015 ያወጣው፣ ውስጡ ያለው ሞዴል ደግሞ ሐምሌ 2015 ላይ በወጣው ስቴብል ዲፊውዥን ኤክስኤል ላይ የተሰራ ነው። ሁሉም ነፃ ነው፣ የሚሰራውም እራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ዝቅተኛው መስፈርት ባለ 4 ጊጋ ቪራም (የካርዱ የራሱ ሜሞሪ) የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድና 8 ጊጋ ራም ነው ይላል፣ እውነትም ይነሳል፣ ግን በዛ ካርድ ደምበኛ አጠገብ ቁጭ ብሎ እያየ መስራት የሚታሰብ አይደለም። የኛ ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ነው፣ ባለ 12 ጊጋው፣ ከአዲስ አበባ በሰው ያስመጣነው። ዋጋውን አልጽፍም ምክንያቱም ጽፌ ሳልጨርስ ይቀየራል።

ለምን ኦንላይን ያለውን አልተጠቀምሽም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አንደኛ ክፍያው። ከታወቁት አንዱ የሆነው የሚድጀርኒ ትንሹ ፓኬጅ በወር 10 ዶላር ነው፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሬው በገበያ ሲለቀቅ 570 ብር አካባቢ የነበረው 10 ዶላር ከ1,000 ብር በላይ ሆኖ ቁጭ አለ፣ እሱም ይሁን፣ ዶላሩን የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል? ውጭ ያለ ዘመድ ማስቸገር ነው፣ በየወሩ ደግሞ ዘመድ አይለመንም። ሁለተኛ ኢንተርኔት። ሰርግ ሰሞን ደምበኛ "ዛሬ ማታ" ሲል ኔትወርክ የለም ማለት አይቻልም። ፎከስ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ሲጀምር ሞዴሉን ከ6 ጊጋ በላይ ዳውንሎድ ያደርጋል፣ አንዳንድ መሳሪያዎቹን መጀመሪያ ስትነኩም ተጨማሪ ፋይል ይፈልጋል፣ እሱንም ኮምቦልቻ የሚማር የአክስቴ ልጅ በሃርድ ዲስክ ይዞልኝ መጣና ኮፒ አደረግኩት፣ በቃ።

አሰራሩን በጣም ሳናወሳስበው፣ ይሄ ማሽን የሚነሳው ከእርሳስ መስመር አይደለም፣ ቲቪ ጣቢያ ሲጠፋ ከሚታየው ዓይነት ዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ነው። ከዛ እያጸዳ እያጸዳ ይሄዳል፣ ጠዋት ጦሳ ተራራ ላይ ጭጋጉ ሲገፈፍ መጀመሪያ ጥቁር ነገር፣ ከዛ ዛፍ፣ ከዛ ቆርቆሮው እንደሚለየው ማለት ነው። "ስፒድ" የሚለው ላይ ካደረጋችሁት 30 ጊዜ ያጸዳል፣ "ኳሊቲ" ካላችሁት 60፣ "ኤክስትሪም ስፒድ" 8 ብቻ። በኛ ካርድ 30ው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። 60ው ለኔ አይን ብዙም ለውጥ አላሳየኝም፣ መብራት ማባከን ነው። 8ቷን የምጠቀማት አቀማመጡን ለማየት ነው፣ ሰውየው የት ይቁም፣ ጀርባው ምን ይሁን፣ እሱን ከወሰንኩ በኋላ ወደ 30 እመለሳለሁ።

መነሻው ነጠብጣብ ቁጥር አለው፣ ሲድ ይሉታል። ያው ሲድ፣ ያው ጽሁፍ፣ ያው ሴቲንግ ከሆነ ያው ፎቶ ይመጣል። ይቺን ነገር ብዙ ጀማሪ አያያትም፣ ራንደም የሚለውን እንደበራ ትቶ ሺህ ጊዜ ጀነሬት እያለ "አንዱ ይሳካል" ብሎ ይጠብቃል፣ ሎተሪ ነገር። ደስ የሚል አቀማመጥ ሲመጣ ራንደሙን አጥፍታችሁ ሲዱን ያዙትና አንድ ቃል ብቻ ቀይሩ፣ ከዛ የትኛው ቃል ምን እንደሚያደርግ ይገባችኋል። ደግሞ የሰራችሁት ሁሉ ከነጽሁፉ ከነሲዱ በየቀኑ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፣ ሂስትሪ ሎግ የምትል ሊንክ አለች፣ ደምበኛ ከወር በኋላ "ያንኑ በሰማያዊ አድርጊልኝ" ብሎ ሲመጣ እሷን ነው የምከፍተው። ፎከስ ላይ ከወደድኳቸው ነገሮች አንደኛዋ ናት ብል አላጋነንኩም።

ሌላ መጀመሪያ የማጠፋት ነገር፣ ስታይል የሚለው ውስጥ "ፎከስ ቪ2" የምትል በራሷ የምትበራ አለች። ጂፒቲ 2 በሚባል የቆየ የጽሁፍ ሞዴል ላይ የተሰራ ትንሽ ሞዴል ነው፣ ከጀርባ እናንተ የጻፋችሁት ላይ የራሱን ቃላት ይጨምራል፣ ሲኒማ የመሰለ ብርሃን፣ ዝርዝር የበዛበት ምናምን። ለመዝናኛ ፎቶ ጥሩ ነው፣ ሁሉን ነገር ያሳምረዋል። ለእቃ ማስታወቂያ ግን አልፈልገውም፣ የበርበሬ ከረጢት ሲኒማ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ማሽኑ እኛን አያውቀንም።

ጀበና ብላችሁ ጻፉለት። አንዳንዴ የአረቦቹን ምንቃር ያላትን የነሐስ ማፍያ ያመጣል፣ አንዳንዴ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ አንዳንዴ ሁለቱን አዳቅሎ እጀታው ከአፉ የበቀለ ጉድ ይሰራል። እንጀራ ካላችሁት ፓንኬክ ነው፣ አይኑ የለም፣ ወጡ ደግሞ በጎድጓዳ ሳህን ተለይቶ ይቀመጣል። ሀበሻ ቀሚስ ሲሉት ወይ የህንድ ሳሪ ወይ የምዕራብ አፍሪካ ቀለማም ጨርቅ። ማሲንቆ ካላችሁት ቫዮሊን። ደሴ ብላችሁማ አትልፉ። "የኢትዮጵያ ከተማ" ስትሉት በረሃ፣ የተሰነጠቀ መሬት፣ አንድ ግራር፣ ባዶ እግሩን የቆመ ህፃን ያመጣላችኋል። 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሐምሌ ላይ ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ስክሪኔ ላይ በረሃ ሲመጣ ምን ልበል፣ ወንድሜ "ባቲን ነው መሰለኝ የላከልሽ" ብሎ ይስቃል።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው ስቴብል ዲፊውዥን ነሐሴ 2014 ሲወጣ የሰለጠነው ላዮን 5ቢ ከሚባለው ክምችት በተመረጡ ፎቶዎች ነው፣ በክምችቱ 5.85 ቢሊዮን ፎቶ ከነመግለጫው አለ፣ ከዛ ውስጥ 2.32 ቢሊዮኑ መግለጫው በእንግሊዝኛ ነው፣ እነሱ ናቸው ዋናው ትምህርቱ። ፎቶዎቹ የተለቀሙት ከድረ ገጽ ነው። ስለኛ በእንግሊዝኛ መግለጫ ተጽፎለት ድረ ገጽ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ማን ያነሳው ነው ብላችሁ ስታስቡ የእርዳታ ድርጅትና ቱሪስት ነው የሚመጣላችሁ፣ ይሄ የኔ ግምት ነው ግን የሚያመጣው ፎቶ ግምቴን አያስተባብልም። የሸዋ በር ባለሱቅ ሱቁን አንስቶ በእንግሊዝኛ መግለጫ ጽፎ አይሰቅልም። በአማርኛ ብትጽፉለትም ያው ነው፣ ፊደሉን አያነበውም፣ የሆነ የማይገናኝ ነገር ሰርቶ ያቀርባል፣ እንግሊዝኛችሁ ደካማ ከሆነ ቃል መተርጎሚያ አጠገባችሁ ይኑር።

መፍትሄው ስሙን መጥራት ትቶ ያለውን ነገር መዘርዘር ነው። ደሴን ስፈልግ ደሴ አልልም፣ ኢትዮጵያም አልልም፣ ደጋ ላይ ያለ ከተማ፣ ተራራ ጥግ፣ ጠዋት፣ ጭጋግ፣ ባህር ዛፍ፣ የዛገ ቆርቆሮ ጣራ፣ እርጥብ አስፋልት እያልኩ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ ያኔ ደሴ ባይሆንም የደሴን አየር የያዘ ነገር ይመጣል። ለካላንደር ጀርባ ይበቃል። የአይጠየፍን አዳራሽ ወይ የሐይቅን ገዳም ካላችሁ ግን ሄዳችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሌላ መንገድ የለም፣ እሱ የሚሰራላችሁ አይጠየፍ አይጠየፍ አይደለም።

የማስረዳው በአንድ ስራ ነው። ኮምቦልቻ ቡና ቆልቶ ፈጭቶ የሚሸጥ ደምበኛ አለን፣ የማሸጊያውን ዲዛይን ፈለገ፣ ጀበና፣ ስኒ፣ ጭስ፣ ከጀርባ የቡና ተክል። ይሄንን ከባዶ ለማሰራት መታገል ጉልበት መጨረስ ነው። ያደረግኩት የቤታችንን ጀበና መስኮት አጠገብ ነጭ አንሶላ ላይ ከነማቶቷ አስቀምጬ በስልክ ማንሳት ነው። ፎከስ ላይ "ኢሜጅ ፕሮምፕት" የሚል ቦታ አለ፣ ፎቶውን እዛ ትከታላችሁ፣ "አድቫንስድ" የምትለዋን ስትነኩ ምርጫ ይመጣል፣ "ፓይራካኒ" የሚለውን ነው የምትመርጡት። እሱ የእቃውን ጠርዝ ብቻ ይወስዳል፣ ቅርጹን ማለት ነው፣ ቀለሙንና ብርሃኑን ለጽሁፋችሁ ይተዋል። "ስቶፕ አት" የምትል ማንሸራተቻ አለች፣ ሲጀመር 0.5 ላይ ናት፣ ማለትም ስራው ግማሽ ሲደርስ ቅርጹን መጠበቅ ትቶ የራሱን ሀሳብ ይከተላል፣ እዛ ላይ ነው ጀበናው አንገቱን ማጣመም የሚጀምረው። 0.8፣ 0.9 ድረስ ስወስዳት ነው የረጋው።

ደግሞ ጽሁፉ ላይ ጀበና አላልኩም፣ የቡና ማፍያም አላልኩም፣ ቡና የሚለው ቃል ራሱ ወደ አረቦቹ ማፍያ ይጎትተዋል። ጥቁር የሸክላ እቃ፣ ክብ ሆድ፣ ቀጭን ረጅም አንገት፣ ያልተወለወለ፣ ነው ያልኩት። በቃ መጣ። ማመን ነው የሚያቅተው፣ የእናቴ ጀበና የቡና ዛፍ ስር፣ ጠዋት ጸሀይ ላይ።

ከዛ ስኒዎቹ። የኛ ስኒ እጀታ የለውም፣ እሱ ግን እጀታ ያበቅልለታል፣ ስር ደግሞ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ይደርብለታል። እዚህ ጋ ነው ኢንፔይንት የሚባለው የሚመጣው፣ የሚበላሸውን ቦታ ብቻ በብሩሽ ትቀቡታላችሁ፣ የተቀባውን ብቻ እንደገና ይሰራል፣ ሌላውን አይነካም። ሦስት ነገር ልንገራችሁ ስለሱ፣ ማንም ስላልነገረኝ። ስትቀቡ ከእቃው ትንሽ ሰፋ አድርጉ፣ ጥላውንም ጨምሩ፣ እጀታውን ብቻ ከቀባችሁ ጥላው እጀታ እንደነበረው ይመሰክራል። ሁለተኛ ስትቀቡ ጽሁፉን ቀይሩ፣ ሙሉውን ፎቶ የሚገልጸውን ጽሁፍ ከተዋችሁት ስኒው ቦታ ላይ ትንሽዬ ሙሉ ፎቶ ሊሰራላችሁ ይሞክራል፣ የስኒውን ብቻ ጻፉ፣ እጀታ የሌለው ትንሽ ነጭ የሸክላ ስኒ እያላችሁ። ሦስተኛ የኢንፔይንት ዓይነቱ ምርጫ አለው፣ እቃ ለመቀየር "ሞዲፋይ ኮንቴንት"፣ ፊትና እጅ ለማጥራት "ኢምፕሩቭ ዲቴይል"። ሁለተኛው የማጽዳት ኃይሉን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጀምረው፣ 0.5 ላይ፣ ስለዚህ ያለውን ይዞ ያጠራዋል እንጂ አይለውጠውም። ጣት ሲበዛ ብዙ ሰው በዚህኛው ይሞክርና "አይሰራም" ይላል። ስድስተኛዋ ጣት ጠርታ ነው የምትመጣው፣ ምክንያቱም ያለውን ጠብቅ ተብሏላ። ጣት ለመቀነስ የመጀመሪያውን ተጠቀሙ።

ጥለትም እንደዛው ነው። የሰርግ ካርድ ላይ ሙሽራዋ ሀበሻ ለብሳ ስትፈልግ ማሽኑ ያወጣውን ጥለት አልወስድም፣ እውነተኛ ቀሚስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጥለቱን አነሳለሁ፣ ፎቶሾፕ ላይ ልብሱ ላይ እደርበዋለሁ፣ ከዛ ፎከስ ላይ መልሼ በጣም ዝቅ ባለ ኃይል፣ 0.3 አካባቢ፣ ጠርዙን ብቻ አስነካዋለሁ፣ እጥፋቱንና ብርሃኑን ያያይዝልኛል። ይሄ አሰራር ነው ከምንም በላይ የጠቀመኝ። ቁራጩን እኔ አመጣለሁ፣ መስፋቱን እሱ።

ጽሁፍ አታሰሩት። ላቲኑንም እንኳ ያጎድለዋል ያበዛዋል፣ ግዕዝ ፊደል ላይማ 33 በ7 ብቻ 231 ቅርጽ ነው፣ የሚሰራው ፊደል የሚመስል ጭረት ነው። ጽሁፍ ሁሉ መጨረሻ ላይ በፎቶሾፕ ወይ በኢንክስኬፕ ነው የሚገባው፣ በትክክለኛ ፎንት። ግን ከዚህ የሚብሰው ያላዘዛችሁትን ጽሁፍ ሲጽፍ ነው። ሱቅ ስሩ ስትሉት ታፔላ ላይ የሆነ ነገር ይሞነጫጭራል። ወሎ ነን፣ በአንድ ሳምንት የመስጊድ ግብዣም የቤተክርስቲያን ክብረ በዓልም ልናትም እንችላለን፣ እና የመስጊድ ግድግዳ ሲሰራ አረብኛ የሚመስል ጌጥ እዛ ላይ ያደርጋል፣ ምንም የማይል ጭረት። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ አንድ ሼህ የቁርአን አንቀጽ መስሎት ሊያነበው ቢሞክርስ? እኔ አሁን ለእንደዚህ ዓይነት ስራ ህንጻ አላሰራም፣ የጂኦሜትሪ ጌጥ ብቻ ነው የማወጣው፣ ኮከብ በኮከብ ላይ የሚደጋገመውን፣ እሱን በጣም ጥሩ አድርጎ ይሰራል ማሽአላህ የሚያስብል። አረብኛው የሚጻፈው በሚያውቅ ሰው ነው።

የቅዱሳን ስዕልም አላሰራም። አንድ ደምበኛ ለምን ሲለኝ ያሳየሁት ስዕሉን ራሱን ነው። በኛ ቤተክርስቲያን አሳሳል ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ፣ ሁለት አይናቸው እየታየ ነው የሚሳሉት፣ በአንድ አይን በጎን የሚሳለው ክፉው ነው፣ ሰይጣን፣ ይሁዳ። ማሽኑ ይሄንን ከየት ያውቃል፣ ቅዱሱን በጎን አዙሮ፣ ብርሃን አልብሶ፣ ለፊልም ፖስተር የሚሆን አድርጎ ያቀርባል፣ የሚባርኩበትን እጅ ደግሞ ጣቱን ያዛባዋል። የአብነት ተማሪ አይቶት ዝም አይልም። ሰዓሊ አለ፣ እሱ ይሳል።

የቆየ ፎቶ ማደስ የሚለው ላይ ብዙ ጥያቄ ስለሚመጣልኝ ትንሽ ልቆይበት። ሆጤ አካባቢ የሚኖሩ አንድ እናት የሟች ባለቤታቸውን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዘው መጡ፣ መሀሉ ታጥፎ የተሰነጠቀ፣ ግንባሩና አንድ ጉንጩ የለቀቀ። አጠገቤ ቁጭ ብለው እያዩ በሁለት መንገድ ሰራሁላቸው። አንዱን ሙሉውን ለማሽኑ ሰጥቼ፣ ሌላውን ፊቱን በፎቶሾፕ በእጄ፣ ከጤነኛው ጉንጭ እየቀዳሁ፣ ጀርባውን፣ ኮቱንና የተቀደደውን ጥግ ብቻ ለማሽኑ ትቼ። የመጀመሪያው ምን ልበላችሁ፣ ትናንት ስቱዲዮ የተነሳ ነው የሚመስለው፣ ቆዳው ጥርት፣ አይኑ ብርት። ብዙ ሰው እሱን ነው የሚመርጠው ብዬ አስብ ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አደረጉና "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ቆንጆ ነው፣ ግን እሳቸው አይደሉም" አሉኝ። ሁለተኛውን፣ ግንባሩ ላይ ትንሽ ጠባሳ የቀረውን፣ ወሰዱ።

ልክ ናቸው። ማሽኑ የጎደለውን ፊት አያስታውስም፣ ብዙ ፊት አይቶ መሀከለኛውን ይሞላል። የሰው አይን ላይ በጣም ትንሽ ለውጥ ሌላ ሰው ያደርገዋል፣ ለማያውቀው ሰው አይታይም፣ ለሚስት ግን ይታያል። ስለዚህ የሟች ፎቶ ላይ ፊት አላስነካም፣ "ፌስስዋፕ" የምትለዋንም በዚህ ስራ አልከፍታትም። ይሄንን በሰዓት ሃያ ፎቶ አድሳለሁ ብሎ ማስታወቂያ የለጠፈ ቤት ሲያጋጥማችሁ ፎቶውን ከመቀበላችሁ በፊት አይኑን እዩ።

ህትመት ላይ። ፎከስ ሲጀምር የሚያወጣው 1152 በ896 ፒክስል ነው። ስልክ ላይ ያምራል፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጠብጣብ) ስታትሙት ግን ወደ 10 በ7.6 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የሰርግ ካርድ ሽፋን እንኳ አይሞላም። "አፕስኬል 2" ስታደርጉት 2304 በ1792 ይሆናል፣ አሁንም ለሙሉ ኤ4 ይጎድለዋል፣ ኤ4 2480 በ3508 ነው የሚፈልገው። ለኤ4 በመሀል ያለውን ክፍል በፎቶ ሞልቼ ዙሪያውን በቀለምና በጽሁፍ እዘጋዋለሁ ወይ ሁለተኛ አፕስኬል አስደርገዋለሁ፣ ግን በሁለተኛው ዙር ቆዳው ፕላስቲክ ይሆናል፣ ሰው ካለበት አልወደውም። ባነር ተቃራኒው ነው፣ ሰው ከመንገድ ማዶ ነው የሚያየው፣ 50፣ 70 ዲፒአይ ላይ ማንም አያውቅባችሁም። ቀለሙ ደግሞ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ወይን ጠጅ ወረቀት ላይ ሲወርድ ይሞታል፣ ማሽኑ ደግሞ የሚያበራ ቀለም ነፍሱ ነው፣ ስለዚህ ለደምበኛ በስልክ ከመላኬ በፊት ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ወደ ህትመት ቀለሙ ማለት ነው፣ ቀይሬ፣ ደብዝዞ እንዲያየው አደርጋለሁ። ከህትመት በኋላ "ይሄ አይደለም ያየሁት" ከሚለኝ አሁኑኑ ቅር ይበለው።

የማልወደው? አንደኛ ፕሮግራሙ አሁን አዲስ ነገር አይጨመርበትም፣ የሰራው ሰው እራሱ ስህተት ማረም ብቻ ነው የምሰራው ብሎ ዘግቶታል፣ ኤክስኤል ላይ ቆሟል ማለት ነው። አዳዲሶቹ ኦንላይን ያሉት በወሬ ነው የሚያርሙት፣ "ኮፍያውን አውልቀው" ስትሏቸው ያወልቃሉ፣ እኛ ግን በብሩሽ እየቀባን ነው። ይሄን ልዩነት የለም ማለት ውሸት ነው። ሁለተኛ ሙቀትና መብራት፣ ካርዱ ሲሰራ እስከ 170 ዋት ይስባል፣ ክረምት ላይ ክፍሏን ማሞቁን አልጠላሁትም እውነት ለመናገር፣ ግን ዩፒኤሳችን መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በስርዓት ለመዝጋት ብቻ ነው የሚበቃው። የጠፋው ስራ ግማሽ ደቂቃ ስለሆነ ያን ያህል አይቆጭም፣ ሲዱ ካለ ያው ይመለሳል። ሦስተኛ ሁሉም ፊት አንድ ቤተሰብ ይመስላል። ሴት ካላችሁት ያቺው ሴት ናት፣ ቀጭን፣ አገጯ ሹል። እድሜ፣ ውፍረት፣ የፊት ቅርጽ ካልጻፋችሁ ሁሌም እሷ ትመጣለች፣ ደሴ ላይ የተለያየ ቤት ባነር ላይ ያቺን ልጅ ሳይ እንደ ዘመድ ሰላም ልላት እደርሳለሁ።

የማልሰራቸውም አሉ። አንድ ምግብ ቤት የማያቀርበውን ሳህን ፎቶ ሰርቼ አልለጥፍለትም፣ የሚያቀርበውን አምጣና ጀርባውን ላሳምርልህ እላለሁ። አልጋ የሚያከራይ ሰው ክፍሉን "አስፍተሽ አሳዪልኝ" ብሎኝ ያውቃል፣ እንግዳው መጥቶ ሲያየውስ ብዬ መለስኩት፣ ተቀየመኝ፣ ይቀየም። ከባለስልጣን ወይ ከታዋቂ ሰው ጋር የቆምኩ አስመስዪልኝ የሚለውም በር ላይ ነው የምመልሰው።

ዋጋ ላይ ግን እስካሁን ክርክር አለ። ደምበኛው አጠገቤ ቁጭ ብሎ በግማሽ ደቂቃ ፎቶ ሲወጣ ያያል፣ ከዛ "ኮምፒውተሩ ነው የሰራው፣ አንቺ ምን ሰራሽ" ይለኛል። ስለዚህ አከፋፈሉን ቀየርነው። ፎቶ ለማውጣት አናስከፍልም፣ አራት አማራጭ አውጥቼ በቴሌግራም እልካለሁ፣ ቀብድ የሚከፍለው አንዱን ሲመርጥ ነው። ከዛ በኋላ ሁለት ጊዜ ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ ነው፣ ሦስተኛው ለብቻው ይከፈላል። የኮምቦልቻው ባለቡና መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ከዛ ስኒዎቹ አንድ በአንድ እጀታቸው ሲነሳ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቁጭ ብሎ አየና "አብሽሪ፣ ጨምሪበት" ብሎ ሌላ ሁለት ማሸጊያ አዘዘ።